ከግድግዳው ጋር አንድ ሆነ

ፎቶ አንሺው ቀና በል ሞቶ የተገኘው ሐሙስ ጠዋት በገዛ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ነው። ያገኘችው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ናት። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በሩ ተዘግቶ ስላየች አንድ ቦታ ሄዶ ይሆናል ብላ ትታው ነበር። በማግስቱ ሱቋን ልትከፍት ስትመጣ ግን በበሩ ስር የውስጡ መብራት ይታያል። ገፋ ስታደርገው በሩ አልተቆለፈም፣ ሰውየውም ወለሉ ላይ ነው።

በሰፈሩ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ የለም ማለት ይቻላል። አርባ ዓመት ሙሉ ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለትምህርት ቤት ፎቶ የሚያነሳው እሱ ነው። ሰዉን ሁሉ አንድ በርጩማ ላይ አስቀምጦ፣ አገጩን በአንድ ጣቱ ቀና አድርጎ፣ ለወንዱ “ቀና በል”፣ ለሴቷ “ቀና በይ” ሲል ኖሯል። ነገሩን ሊያጣራ የመጣው ኢንስፔክተር ራሱ ሁለት ጊዜ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ አንዴ ሥራ ሲቀጠር፣ አንዴ ማዕረግ ሲያገኝ። ሁለቱም ፎቶ ላይ የደነገጠ ፍየል ይመስላል። አሁን በሩ ላይ ቆሞ ያንኑ በርጩማ ተገልብጦ አየው።

ሟቹ በግራ ጎኑ ወድቋል። የመብራቱ ማቆሚያ ከባድ የብረት እግር አለው፤ የብረቱ ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል። በርጩማው ፊት ለፊት፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ፣ ከክፍሉ ዕቃ ሁሉ ጋር የማይሄድ አዲስ ጥቁር ካሜራ ተሰክቷል።

“ሞቷል” አለች ሳጅኗ ካሜራውን እየነካካች። ከዚያ አፏን ያዝ አደረገች። “ባትሪው ማለቴ ነው፣ ኢንስፔክተር።”

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ተነሳ። “ትናንት ቀን ነው የሞተው። ጠዋት ነው ከሰዓት ነው ብላችሁ እንዳታስዋሹኝ። ይሄ ሁሉ መብራት እላዩ ላይ ሲነድ አድሮ ክፍሉ ምድጃ ሆኗል።”

“መትተውት ነው ወድቆ?”

“ጭንቅላቱ ብረቱን አግኝቶታል። ማን ከማን ጋር እንዳገናኛቸው የእናንተ ሥራ ነው።”

የካሜራው ሻንጣ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ለሦስት ሌንስ የተቆረጠ ቦታ አለው። አንዱ ካሜራው ላይ ነው፣ አንዱ በቦታው አለ፣ የሦስተኛው ጎድጓዳ ባዶ ነው። ከሻንጣው አጠገብ ደግሞ አንድ የተማሪ ደብተር አለ። ኢንስፔክተሩ ገለጥ ገለጥ አደረገው። የሰባ ዓመቱ ሽማግሌ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፏል።

“ትምህርት አንድ። መስታወት የለውም። የማየው ሥዕሉን እንጂ ሰውየውን አይደለም።”

“ትምህርት ሁለት። ቀንና ሰዓት ራሴ ሞላሁ። ከግድግዳው ጋር አንድ ሆነ።”

“ትምህርት አምስት። ዓይንን ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?”

ኢንስፔክተሩ ሳይወድ ሳቀ። ደብተሩንም፣ ካሜራውንም ማስረጃ ከረጢት ውስጥ ከተታቸው።

*

ሌንሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ደብተሩ ጀርባ ላይ የአስተማሪዋ ስልክ አለ። ቪዲዮ ቀራጭ ናት፤ ሽማግሌውን በሳምንት ሁለት ቀን ታስተምረው ነበር። በሯን ሲያንኳኩ የጠፋው ሌንስ ጠረጴዛዋ ላይ ተጎልቶ ጠበቃቸው።

“አዋሱኝ” አለች። “ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ስብሰባ ስቀርጽ ነበር፤ የኔው ተሰብሮብኝ። ዛሬ ልመልስላቸው...” ተቀመጠች።

የስብሰባው ቪዲዮ ተከፍቶ ታየ። ድምጿ ከጠዋት እስከ ማታ አለ፤ “ጌታዬ፣ ማይኩን ጠጋ ያድርጉት” ስትል መቶ ጊዜ ይሰማል። ኢንስፔክተሩ ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ላይ ሰረዛትና ሌላ ጠየቃት።

“ምን ያደርግለታል እንዲህ ያለ ካሜራ? የመታወቂያ ፎቶ እንደሆነ አሁን ሁሉም በስልኩ ነው።”

“እኔም ጠይቄያቸው ነበር። ‘አርባ ዓመት ሰው ለመታወቂያ አነሳሁ፣ አንድም ቀን ሰው አላነሳሁም’ አሉኝ። መጀመሪያ ሰሞን ካሜራው ተበላሽቷል ብለው ሦስቴ ጠርተውኛል። ሲያነሳ ድምፅ የለውም እኮ! ጋሼ ‘ቀጭ’ ካላለ ያነሳ አይመስላቸውም።” ዓይኗን ጠረገች። “ሰሞኑን በየአሥር ሰከንዱ ራሱን እንዲያነሳ ማድረግ አሳይቻቸው ነበር። በርጩማው ላይ ሆነው በራሳቸው ላይ እየተለማመዱ ነበር።”

*

ከካሜራው የወጣውን ካርድ የቴክኒክ ክፍል አትሞ ላከው። ሠላሳ ፎቶ፣ በየአሥር ሰከንዱ፣ ከሥሩ ሰዓቱ። መጀመሪያ ላይ ቀና በል በርጩማው ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ ኮስተር ብሏል። ከአሥረኛው እስከ አሥራ ስምንተኛው ዓይኑን ከካሜራው አጠገብ ወዳለ ነገር አንስቷል፤ ፊቱ ፈካ ብሏል። አሥራ ዘጠነኛው ላይ በርጩማው ባዶ ነው። ሃያኛው ላይ በርጩማው ተገልብጦ፣ ከጫፍ በኩል አንድ ጫማ ያደረገ እግር ይታያል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሰባት ፎቶዎች እግሩ ጥቂት ጥቂት ቦታ ይቀይራል። በቀሩት ሦስቱ አይንቀሳቀስም። ሌላ ሰው አንዱም ላይ የለም።

ከሃያኛው ፎቶ ሥር 08:13 ይላል።

“ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሦስት” አለ ኢንስፔክተሩ፤ በእስክሪብቶ አሰፈረው፣ አሰመረበትም። በሃያ ስድስት ዓመት ፖሊስነቱ የሞትን ሰዓት በደቂቃ የነገረው ነገር ገጥሞት አያውቅም። እጁን እያሻሸ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄደ።

“ረቡዕ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ማን መጣ?”

ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካች። “እንዴት ብዬ አፌን ሞልቼ ልናገር? ልጃቸው መጥቶ ነበር።”

“ተጣሉ?”

“ጮኸ። ‘አባባ፣ ጉሮሮዬን ነው የዘጋኸው’ አለ። ታክሲዋን ሸጠው እኮ ነው ያን ካሜራ የገዙት! በስማቸው ትሁን እንጂ ሰባት ዓመት የነዳት እሱ ነው። ልጅ ከተወለደለት ገና አራት ወሩ። ሰው ጠላቱን እንኳ እንዲህ ያደርጋል?” ከዚያ ያለችው ነገር አስደነገጣትና “ነፍሳቸውን ይማር” አለች።

*

የልጁ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ ክፍልና አንድ ጠባብ ማድ ቤት። በር የከፈተችው ሚስቱ ሕፃን ታቅፋለች። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ተነስቶ ወጣላቸው። ባሏ ሾፌሩ ቤት የለም፣ የቀብር ጉዳይ ለመጨረስ ወጥቷል።

“የኔ እህት፣ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?”

“ጠዋት?” አለች።

“አዎ፣ ጠዋት። አማትሽ የሞቱበት ሰዓት ነው።”

“ጠዋት ነው የሞቱት?” ሕፃኑን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረችው። “ጤና ጣቢያ። ለልጁ ክትባት።” ካርዱን ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችው። ማኅተሙም፣ ቀኑም፣ የነርሷ ፊርማም ልክ ነው፤ ነርሷም በኋላ ስትጠየቅ አስታወሰቻት። ኢንስፔክተሩ የሴቲቱን ድንጋጤ የሐዘን ነው ብሎ አለፈው።

ሾፌሩ ገባ። ቁመናው የአባቱ ነው፣ ጎንበስ ማለቱ ግን የራሱ ነው። ኢንስፔክተሩ ያንኑ ጥያቄ ደገመለት፤ “ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሦስት ላይ...”

ሾፌሩ ሚስቱን አየ። ከዚያ ኢንስፔክተሩን አየ።

“ጠዋት ነው ያሉኝ?”

“ጠዋት።”

“እንግዲያው ምን ያለፋዎታል? እኔ ነኝ።”

ሚስቱ ጮኸች።

“ዝም በይ!” አለ ሾፌሩ። “ልጁን ይዘሽ ዝም በይ። አንቺ ክትባት ነበርሽ።” እጆቹን አጣምሮ ዘረጋ። “በካሜራው መቆሚያ መታሁት። ጨረስኩ። እንሂድ።”

*

ጣቢያው ውስጥ ሁሉም ኢንስፔክተሩን እንኳን ደስ ያለህ አለው። ራሱን እንኳን ደስ ያለህ ማለት ያቃተው እሱ ብቻ ነው። ሰኞ ዕለት ሠላሳውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሳጅኗን ጠራት።

“ወለሉ ላይ ያለውን ስንጥቅ እይው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የፎቶው ጥግ ላይ ነው የሚያልቀው።”

“አዎ።”

“ካሜራው ያለው መቆሚያው ላይ ነው። ልጁ በመቆሚያው መታሁት ይላል።”

ሳጅኗ ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው። “መልሶ አስቀምጦት ከሆነስ?”

“በአሥር ሰከንድ? ፀጉር ታህል ሳይዛነፍ? ያን ክፍል ውስጥ የሆነውን አያውቅም፣ ሳጅን። አልነበረም።” ጣቱን አሥራ ስምንተኛው ፎቶ ላይ አሳረፈ። “ደግሞ ይሄ ፀሐይ ከየት መጣ? እኔን ሁለቱንም ጊዜ ያነሳኝ ጠዋት ነው። እንደ ጉድጓድ ጨለማ ነበር፣ በብርድ ተንቀጥቅጬ ነው የተነሳሁት።”

ከሰዓት በኋላ ካሜራውንና አስተማሪዋን ይዘው ወደ ፎቶ ቤቱ ሄዱ። በሩን ሲከፍቱ የመስኮቱ ብርሃን በወለሉ ላይ ተዘርግቶ በርጩማው የነበረበትን ቦታ አልፎ ሄዷል። ልብስ ሰፊዋ ከኋላቸው ብቅ አለች።

“ጠዋትማ ፀሐይ እዚህ ገብታ አታውቅም” አለች። “ጋሼ ሰው ሲቆነጅላቸው ‘ከሰዓት ተመለሽ’ የሚሉት ለዚህ እኮ ነው።”

“ረቡዕ ከሰዓት ማን እንደመጣ አላየሽም?”

“ክር ልገዛ ወጥቼ ነበር። ደግሞ ከሰዓት ብለው መቼ ጠየቁኝ?”

እውነቷን ነው። ኢንስፔክተሩ ጆሮው ድረስ ጋለው። አስተማሪዋ ካርዱንና አዲስ ባትሪ ከተተችና ካሜራውን አበራችው። “ጋሼ ሰዓቱን እኔ አልሞላሁላቸውም” አለች። “ልሙላልዎት ስል ‘ሰዓት መሙላት የማላውቅ መሰለሽ?’ ብለው ተቆጡ።”

የካሜራው ሰሌዳ ላይ 10:05 ይላል።

ኢንስፔክተሩ ስልኩን አወጣ። 4:05 ይላል።

“ተሳስቷል” አለች ሳጅኗ። “የስድስት ሰዓት...” ብላ አቋረጠች። ሁሉም አንድ ላይ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። ከሰማያዊው መጋረጃ በላይ፣ ደንበኛ እንዳይሰለች የተሰቀለው ትልቁ ሰዓት አሥር ሰዓት ከአምስት ይላል።

ቀንና ሰዓት ራሴ ሞላሁ። ከግድግዳው ጋር አንድ ሆነ።

ሽማግሌው ካሜራውን የሞላው ሰው በሚናገረው ሰዓት ነው። ኢንስፔክተሩ ደግሞ በስልክ፣ በኮምፒውተር፣ በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ዕድሜ ልኩን ስድስት ሲቀንስ ስለኖረ፣ ይሄንንም ሳያስበው ቀነሰው። ቀና በል ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከልጁ ጋር ተጨቃጭቆ በሕይወት ውሏል። የሞተው ቀን ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሦስት ላይ ነው።

ሳጅኗ ልጁ በዚያ ሰዓት የት እንደነበር ለማጣራት ስልክ ደወለች። ለመነጋገር ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል።

“ረቡዕ ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጁ አንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ የማሽከርከር ፈተና ላይ ነበር። ፈታኙ አጠገቡ ተቀምጧል። ኢንስፔክተር፣ አልፏል። ዛሬ ሰኞ ሥራ ሊጀምር ነበር። ለምን እንደቀረ እኔን ጠየቁኝ።”

ኢንስፔክተሩ ወደ አስተማሪዋ ዞረ። “ዓይንን ራሱ ያገኛል ብሎ ጽፏል። ምን ማለት ነው?”

“የሰውየውን ዓይን ፈልጎ እሱ ላይ ያነጣጥራል። ከፊቱ ሁሉ ዓይኑ ነው አጥርቶ የሚወጣው።”

“አሥራ ስምንተኛውን አምጪልኝ። ዓይኑን አጉይው።”

አጎላችው። የሽማግሌው ብሌን ሰሌዳውን ሞላው። ውስጡ መስኮቱ አለ፣ አራት መስታወቱ ተለይቶ ይቆጠራል። ከመስኮቱ ፊት የመቆሚያው ሦስት እግር ይታያል። ከመቆሚያው አጠገብ ሰው ቆሟል፤ ፊቱ አይለይም፣ ደረቱ ላይ ጥቅል ነገር ይዟል።

“ዕቃ ነው?” አለች ሳጅኗ።

አስተማሪዋ ይበልጥ አጎላችው። ከጥቅሉ ሥር አንዲት ትንሽ የሕፃን እግር ተንጠልጥላለች።

“ጠዋት ነው የሞቱት?” ብላ ነበር የሾፌሩ ሚስት። የጠየቀችው ኢንስፔክተሩን ነው፤ እሱ ግን ለሐዘን ሰጠው።

*

ሾፌሩ እስር ክፍሉ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ሰማው። ስለ ግድግዳው ሰዓት ሲነገረው ሊስቅ ምንም አልቀረው።

“አባባ እንዲህ ነበር” አለ። “የማንንም ሰዓት አይቀበልም።”

“ሚስትህ መቼ ነገረችህ?”

“ረቡዕ ማታ። ፈተናውን አለፍኩ ብዬ እየሮጥኩ ስገባ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር።” ወደ ኢንስፔክተሩ ቀረበ። “ልጁ ጡት ነው የሚጠባው። እናት የላትም፣ እህት የላትም። እኔ ብታሰር እሷ ታሳድገዋለች። እሷ ብትታሰር ማን አለው? ደግሞ እኔስ ንጹሕ ነኝ? በዚያን ቀን ጠዋት ስጮህበት ‘ምነው በሞትክ’ ብዬዋለሁ፤ አፌ ነው ያለው።”

“ወንድሜ፣ እሱ ወንጀል አይደለም።”

“እባክዎ፣ ኢንስፔክተር። ስድስት ሰዓት ተሳስተው ነበር። ተሳስተው ይቆዩ። ማን ይጎዳል?”

መዝገቡ ላይ ኢንስፔክተሩ በእጁ ያሰመረበት ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሦስት አለ፤ ዝም ቢል ሁሉም ያምነዋል፣ ሳጅኗም ዝም እንደምትል ያውቃል። ከዚያ ደግሞ ይህ ሰው ባልሠራው ነገር ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርሳል፣ በራሱ በኢንስፔክተሩ ፊርማ። ሁለቱንም አየ፣ ሁለቱም አንገሸገሹት።

“አልችልም” አለ። ሾፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

*

የሾፌሩ ሚስት በሩን ሳያንኳኩ ከፈተችላቸው። የሕፃኑን ልብስ በአንድ ከረጢት አዘጋጅታለች።

“እሱ ነገራችሁ?”

“የለም” አለ ኢንስፔክተሩ። “እሱማ እንድተው ለመነኝ።”

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሕፃኑ ተኝቷል።

“ካሜራውን እንዲመልሱልን ልለምናቸው ነው የሄድኩት። ሻጩ እስከ ዓርብ ከመጣ እቀበላለሁ ብሎ ነበር። ባለቤቴ አልሄድም አለ፤ ጠዋት ተጣልተዋል። እኔን ይወዱኛል ብዬ ሄድኩ።” ድምጿ ዝቅ አለ። “ስገባ ደስ አላቸው። ‘በጥሩ ብርሃን መጣሽልኝ’ አሉኝ። እኔ ‘አባባ፣ ምን እንብላ’ እላለሁ፤ እሳቸው ‘ልጁን ወደ መስኮቱ አዙሪልኝ’ ይሉኛል። አለቀስኩ። ‘ዓይንሽን እንዲህ አታድርጊው፣ ቀና በይ’ አሉኝ። ከበርጩማው ተነስተው በጣታቸው አገጬን ሊያቀኑ መጡ። ይሄኔ ገፋሁ። በአንድ እጄ ነው፣ ኢንስፔክተር፤ በአንዱ ልጁን ይዤ ነበር።”

“ከዚያስ?”

“በሩን ዘግቼ ሮጥኩ። ወዲያው ነው የሞቱት? እባክዎ ይንገሩኝ። ባልሮጥ፣ ሰው ብጠራ ይተርፉ ነበር?”

ሳጅኗ ወደ መስኮቱ ዞረች። ኢንስፔክተሩ የሽማግሌው እግር ቦታ የቀያየረባቸውን ሰባት ፎቶዎች አሰበ።

“ወዲያው ነው” አለ። “ምንም ማድረግ አትችይም ነበር።”

ሴትዮዋ ፊቱን ቆይታ አየችው። አመነችው አላመነችው፣ እሱ ማወቅ አልቻለም።

*

ጣቢያው ኮሪደር ላይ ተገናኙ። አንዱ ሲወጣ ሌላዋ ስትገባ። ሾፌሩ ቀበቶውንና የጫማ ክሩን በእጁ እንደያዘ ነው። ሚስቱ ሕፃኑን አቀበለችው፤ ከረጢቱንም ትከሻው ላይ አንጠለጠለችለት። “ወተቱን ለብ አድርገው፣ ካልሆነ አይወስድም” አለችው። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ሕፃኑ ነቅቶ ወደ እሷ ዞረና ማልቀስ ጀመረ፤ ለቅሶው ደረጃውን እስኪወርዱ ድረስ ተሰማ።

ከኮሪደሩ ጫፍ የመዝገብ ፎቶ የሚነሳበት ክፍል አለ፤ ነጭ ግድግዳ፣ አንድ በርጩማ፣ አንድ አሮጌ ካሜራ። ፎቶ አንሺው ፖሊስ ሴትዮዋን አስቀመጣት። አንገቷን ደፍታለች።

“እንዲሁ አንሳት” አለ ኢንስፔክተሩ ከበሩ ላይ።

“ፊቷ ካልታየ መዝገብ ቤት አይቀበለኝም፣ ኢንስፔክተር።” ፖሊሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ የዕለት ሥራውን ነው የሚሠራው። ዓይኑን ካሜራው ላይ አደረገ። “እህቴ፣ ቀና በይ።”

ሴትዮዋ ደነገጠች። በሩ ላይ የቆመውን ኢንስፔክተር አየችው። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

“ቀና በይ” አለ ፖሊሱ ደግሞ።

ቀና አለች። አሮጌው ካሜራ ቀጭ አለ።